ሸዋረጋና የእርማት ወረቀቱ

መምህርት ሸዋረጋ ቁጡ ሴት አይደለችም፤ የእርማት ወረቀት ሲነሣባት ግን ደሟ ይፈላል። ምክንያት አላት።

አዘዞ አጠገብ ባለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ኮምፒውተር ታስተምራለች። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች በቫይረስ አላሠራ ቢሏት፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣ ዊንዶውስ የተባለውን ማሠሪያ ፕሮግራም አውጥታ ሊኑክስ የተባለውን የጫነችባቸው እሷው ናት። ተማሪዎቿንም ማውዝ ሳይነኩ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትዕዛዝ እየጻፉ መሥራት አስለመደቻቸው። «ፋይል ለመቅዳት ዊንዶውስ ‹ኮፒ› ይላል፤ ሊኑክስና ማክ ‹ሲፒ› ይላሉ። አፋቸው ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው» ትላቸዋለች።

አምና አቶ ክንዱ የሚባሉ መዛኝ ለሙያ ምዘና መጡ። ከጠዳ የምትመላለሰው ተማሪዋ ዝማሬ ምዘናውን ካለፈች በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ ይጠብቃታል፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፋይል እንድትቀዳ ስትታዘዝ ዝማሬ «ሲፒ» ብላ ጻፈች። ፋይሉ ተቀዳ፤ ሁሉም አየ። አቶ ክንዱ ግን መልሱ የተጻፈበትን የእርማት ወረቀታቸውን አይተው ኤክስ ሊያደርጉ እስክሪብቶ አነሡ።

«እዚህ የተጻፈው ‹ኮፒ› ነው።»

«ምነው አቶ ክንዱ! ፋይሉ ተቀድቶ እያዩት?» አለች ሸዋረጋ። «ማሽኑ ሊኑክስ ነው፤ ወረቀትዎ የዊንዶውስ ነው።»

«እኔ ማሽን ልመዝን አልመጣሁም። ወረቀቱ ያለውን ትጻፍ።»

ዝማሬ «ኮፒ» ብላ ጻፈች። ማሽኑ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አላውቅም አለ።

«ይኸው፣ አልሠራላትም» አሉ መዛኙ።

ወረቀቱን ብትሰማ ማሽኑ ይጥላታል፤ ማሽኑን ብትሰማ ወረቀቱ ይጥላታል! እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ? ሸዋረጋ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ዝማሬ ቀና ብላ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

ከዚያ ልጅቷ ማንም ያላዘዛትን አንድ መስመር ጻፈች፦ ከእንግዲህ «ኮፒ» ሲሉህ «ሲፒ» ማለታቸው ነው የሚል። ማሽኑ ተቀበለ። ደግማ «ኮፒ» ብላ አዘዘችው፤ ፋይሉ ተቀዳ።

አቶ ክንዱ ፈገግ አሉ። «ሸጋ! አየሽ ልጄ፣ ከመጀመሪያው መመሪያ ብትከተይ ኖሮ!» ብለው አሳለፏት።

ዝማሬ ሥራዋን ያዘች። ሸዋረጋ ደስ ብሏታል፤ አንጀቷ ግን እስካሁን አልራሰም። ያቺ አንዲት መስመር ከፈተናው ሁሉ ትከብድ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ነጥብ አልነበራትም።

ዘንድሮ ያቺን መስመር ከሁሉ አስቀድማ ታስተምራለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ተማሪዎቿ ለምን እንደምትጠቅም ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው።

«ለሥራ አትጠቅምም። ለማለፍ ናት።»