በሎሚ የታጠበ ምላስ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። የበረዶ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ። ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እንቢ አልሁት። ምን እንዳለበት ጠየቀኝ፤ በረዶ ብቻ ነው አልሁ።

«ወደ ደባርቅ በረዶ ይዘሽ ትሄጃለሽ?» ብሎ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «እዚያ እኮ ከሰማይ በነጻ ነው የሚወርደው።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው በተሰበሰበበት ማስረዳት አልችልበትም፤ እዚህ ላይ ግን ልጻፈው።

የምሠራው የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። ከደባርቅ በታች ባለች መንደር አፍተግር ገብቷል፤ የከብትን ምላስና ሰኮና የሚያቆስል የቫይረስ በሽታ ነው። ከብቶቹ ዓምና ተከትበው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ታመሙ። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት አለው፤ ዓይነቱን ሴሮታይፕ እንለዋለን፤ የአንዱ ክትባት ሌላውን አይከላከልም። ከቁስሉ ቆዳ የቫይረሱን ዘረመል አውጥተን ሽፋኑን የሚሠራውን ክፍል ስናነብ የትኛው እንደሆነ እናውቃለን። ላይኛው መንደር ያሉት ከብቶች ገና አልታመሙም፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ክትባት አለ። የትኛው እንደሚወጋ የሚወስነው በዚህ ሳጥን የምመልሰው ነገር ነው።

ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ዳባት

ለቁርስ ቆምን። ከመንገዱ ዳር የድንች ጆንያ ተደርድሯል፤ ገብስና ባቄላ፣ ጋቢ የተከናነቡ ገበያተኞች፣ ጭቃ የነካቸው አህዮች። ሻይ ዋጋው ከጎንደር እኩል ሆኗል፤ ሹፌሩ አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው የተወደደው እያለ ይቀልዳል።

እኔ የማስበው የትናንቱን ስልክ ነው። ይታየው የሚባል የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ደውዬ የታመሙትን እንዲያዘጋጅልኝ ነግሬው ነበር። አፋቸውን ማንም እንዳይነካ ልጨምር አሰብሁ። ከእኔ በዕድሜም በሥራም የቆየ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን መልሶ መንገር ድፍረት መሰለኝና ዘጋሁት። አሁን ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያውቀዋል ብዬ መልሼ ከተትሁት።

አራት ሰዓት፣ ደባርቅ

ጉሙ አልተነሣም። ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ የሚሄዱ ፈረንጆች ዕቃቸውን በቅሎ ላይ ያስጭናሉ፤ ጠመንጃ ያነገቱ ጠባቂዎቻቸው ፀሐይ ሲወጣ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። የተቀበለኝ ይታየው ቀጭንና ዝግተኛ ሰው ነው። ወደ ዛሪማ በሚወርድ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሊማሊሞን በየመታጠፊያው ሳጥኑን አቅፌ ወረድሁት፤ ዝቅ ባልን ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ከአጋማሹ ወርደን በእግር ቀጠልን።

የምንሄደው አያ ሙላት ወደሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። ከጥማዳቸው የአንደኛው በሬ ሰኮና ወልቋል፤ ሁለተኛው ትናንት ለሃጩን ማዝረብረብ ጀምሯል። ሁለት ወይፈኖች ላይኛው መንደር ወንድማቸው ዘንድ አሏቸው። እነሱ ከተረፉ ክረምቱን ያርሳሉ። «ካልሆነ ግን መሬቱ ጦም ያድራል» አለኝ ይታየው።

ሰባት ሰዓት፣ መንደሩ

ሁለተኛው በሬ ከግንድ ጋር ታስሮ ቆሟል። ለሃጭ አይታይበትም። ደጃፉ ላይ የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ ተበትኗል።

«ደህና አድርገን አጽድተንልሻል» አሉኝ አያ ሙላት። «እንግዳ የሚያየውን አፍ እንዲያው እንዴት እንተወዋለን? ሎሚውን ከዛሪማ ነው ያስመጣሁት።»

ይታየው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ምላሱን ስበን አየነው፤ ቀይ፣ ንጹሕ፣ በጨውና በሎሚ እየታሸ በሻካራ ጨርቅ የተፈተገ። እኔ የፈለግሁት ቁስሉ ላይ ያለውን የውሃ ቋጠሮ ስስ ቆዳ ነበር፤ አንድም ቅራፊ አልቀረም። ኮምጣጣ ነገር ይህን ቫይረስ ያጠፋዋል፤ የተበጣጠሰ ዘረመል ደግሞ አይነበብም። ሎሚ ማሸት እዚህ የቆየ ሕክምና ነው፤ ለእኔ ሲባል ደግሞ ደጋግመው አሹት። በየቤቱ ዞርን። ጎረቤቶቹ ሎሚውን ተካፍለውት ኖሯል፤ አንድም ያልታጠበ አፍ አላገኘንም፤ የሰኮናው ቁስልም ያረጀ ነበር።

ከበሬው ምላስ ሥርና ከጉሮሮው በጥጥ ጠርጌ በረዶው ውስጥ ከተትሁ። አያ ሙላት ቆሎ አፈሱልኝ። መልሱ መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ፤ ሐሙስ አልሁ። ስለ ሎሚው መናገር ፈለግሁ። ያንን ሁሉ የደከሙበትን፣ በጎረቤቶቻቸው ፊት! አልተናገርሁም።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎንደር

ማሽኑ ቫይረሱ መኖሩን አሳይቷል። ሴሮታይፑን ከሚለየው ክፍል ግን የሚነበብ ነገር አልተገኘም። ሦስት ጊዜ ደገምሁት። መዝገቡ ላይ «ዓይነቱ አልተለየም» ብዬ ጻፍሁ።

ስደውል ይታየው መንደሩ ነበር። በሽታው ላይኛው መንደር መድረሱን፣ ከወይፈኖቹ አንደኛው ከጠዋት ጀምሮ መብላት መተዉን ነገረኝ። አዲስ ቋጠሮ፣ አዲስ ናሙና ማለት ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ ልለው ስል ስልኩን ለአያ ሙላት ሰጣቸው።

«ማክሰኞ ምላሱን ስታዪ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር» አሉኝ። «ደህና አልታጠበም ማለት ነው ብዬ ገመትሁ። የወይፈኑን ዛሬ በእጄ፣ እስኪደማ ድረስ ነው ያጠብሁት። ነይና እዪው።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

«አያ፣ የምፈልገውን ያጠፋው ማጠቡ ነው» አልሁ። «ማክሰኞ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

ከኋላቸው ሰው ከብት እየነዳ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«እዚሁ ደጄ ላይ ቆመሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ስልኩን ለይታየው መለሱለት።