በእንቅርት ላይ ሳይነስ

ወሰንየለሽ ቅቤ አትሸጥም፤ ቅቤም አትገዛም። ወሰንየለሽ ቅቤ ታሸታለች። ቆቦ ገበያ፣ ከቅመም ተራው መጨረሻ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ ይኸው ነው። ገዢ ቅቤውን ያቀርባል፤ ሻጭ አጠገቡ ይቆማል። እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ስንጥር ታወጣና ቅቤው ሆድ ውስጥ ትሰካለች። ትመዛለች፣ አፍንጫዋ ሥር ታሳልፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ወይ «ይግባ» ትላለች፣ ወይ «ይውጣ»። ይግባ የተባለ ቅቤ ሠርግ ቤት ይገባል። ይውጣ የተባለ ቅቤ ባለቤቱን ይዞ ይወጣል። ፍርድ ቤት እንኳ ይግባኝ አለው፤ እሷ ዘንድ የለም።

ሙዝ የተላቆጠበትን፣ የፋብሪካ ቅባት የተደባለቀበትን፣ ትናንት የተናጠውንና ካቻምና የተናጠውን ለይታ ታውቃለች። ላሚቱ የበላችው የማሽላ አገዳ ይሁን የግራር ፍሬ ትናገራለች ይባላል። ይህን እንኳ ራሷ ያስወራችው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የተደፈነው ይህ አፍንጫ ነው።

መጀመሪያ ግራው ተዘጋ። ቀኙም ወንድሜን ብቻውን አልተውም ብሎ ተከተለ። ግንባሯን ይወጋታል፣ ጉሮሮዋ ላይ አክታ ይንጠለጠላል፣ በአፏ ትተነፍሳለች። ቆቦ ደግሞ ሐኪም አያጣም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ከሚታከመው በስተቀር ሁሉም ሐኪም ነው። «ሳይነስ ነው» ተባለ። ዘንድሮ ሳይነስ የማይገባበት የለም፤ ራስ ሲፈልጥ ሳይነስ፣ ዓይን ሲያለቅስ ሳይነስ፣ ባል ሲያኮርፍ ሳይነስ። አንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተሽ ታጠኚ አላት፤ ግንባሯን አቃጠለች። አንዷ ጤና አዳም በአፍንጫሽ ወትፊ አለቻት፤ ቅጠሉ እስከ ዛሬ አልወጣም የሚሉ አሉ። ሀስና ደግሞ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አንጠባጠበችላት።

ሀስና ቅመም ሻጭ ናት፤ የወሰንየለሽ የገበያ ጎረቤትና የምሥጢሯ ግምጃ ቤት። ግምጃ ቤቱ በር የለውም እንጂ። ይህን ታሪክ አብዛኛውን ያገኘሁት ከእሷ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ከእሷ የሰሙ ሰዎች ነግረውኛል።

አፍንጫው ከመደፈን አልፎ ማሽተት እንዳቆመ መጀመሪያ የደረሰችበት ሀስና ናት። አንድ የገበያ ቀን አንድ አውራ ፍየል ከባለቤቱ አምልጦ ቅመም ተራ ገባ። አውራ ፍየል በወቅቱ ምን እንደሚሸት ለራያ ሰው አይነገርም። መጥቶ ልክ ከወሰንየለሽ ጀርባ ቆመና ሽንቱን በገዛ ጢሙ ላይ ረጨ። ተራው በሙሉ አፍንጫውን በነጠላና በሽርጥ ያዘ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች።

ፍየሉ ተጎትቶ ከሄደ በኋላ ሀስና ጠጋ አለቻት።

«ወሰኔ፣ አሁን ከኋላሽ ማን ነበር?»

«ማን ነበር?»

«ወላሂ አንቺ ሞተሻል።»

ወሰንየለሽ ግራ ቀኝ አየች። «ለማንም እንዳትነግሪ። ይህ ከተሰማ ከሳጥኔ ተነሣሁ ማለት ነው። ከሳጥኔ ከተነሣሁ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? የአላምረው ሚስት።»

አላምረው ከሮቢት ወዲህ ማሽላ የሚያርስ ባሏ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም የእሱ ሚስት ከመባል ሌላ ማዕረግ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እሱን ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ወሰንየለሽ ስንጥሩን ትሰካለች፣ ትመዛለች፣ አፍንጫዋ ሥር ታሳልፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ግን አንዱን ብቻ። በሌላው የሻጩን ፊት ታያለች። ተረጋግቶ ከቆመ ይግባ፤ ምራቁን ከዋጠ ይውጣ።

ዋሲሁን የገነነው በዚህ ዘመን ነው። ቅቤ ነጋዴ ነው፤ ፊቱ የቅዳሴ ዲያቆን ነው። ቢሰርቅህ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ስንጥሩ ሲሰካ እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይግባ፣ ይግባ፣ ይግባ፤ ሦስት ሠርግ አለፈለት።

ኢስራ ደግሞ ከዋጃ ወዲያ ሁለት ላም ያላት ልጅ እግር ሴት ናት። አንድ ቀን በቅል ቅቤ ይዛ መጣች። ስንጥሩ ሲሰካ ላብ አጠመቃት፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ካንዱ እግሯ ወዳንዱ ተቁነጠነጠች። ወሰንየለሽ በአንድ ዓይኗ ይህን ሁሉ አየች።

«ይውጣ።»

«እትዬ ወሰን፣ የላሞቼ ነው። በእጄ የናጥሁት ነው።»

«ይውጣ አልኩ።»

ገበያው «አጭበርባሪ» ብሎ ሸኛት። ኢስራ ቅሏን አንሥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ቆቦ አልታየችም። ሀስና ከቅመሟ ኋላ ሆና «ሳታሸቺ» አለች፣ ቀስ ብላ። ወሰንየለሽ አልሰማችም። አፍንጫ ሲዘጋ አንዳንዴ ጆሮም አብሮ ይዘጋል።

በዚህ መሐል መወፈር ጀመረች። ፊቷ ሞላ፣ የዓይኗ ቆብ አበጠ፣ የቅንድቧ ጫፍ ሳሳ። በቆቦ ፀሐይ፣ ፍየል እንኳ ጥላ በሚሻማበት እኩለ ቀን፣ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ድምፅዋ ከመጎርነኑ የተነሣ የባሏ እኅት ማሚቴ ደውላ «አላምረው፣ ምነው ጉንፋን ያዘህ?» አለቻት። አላምረው በበኩሉ ኩርፊያዋ በሬዎቼን አስበረገገ ብሎ መኝታውን ወደ ጎተራው ወሰደ።

እስቲ አሁን ይህን ያየ ሰው ምን ማለት ነበረበት? «አሞሻል ወይ» ማለት ነበረበት። እኛ ምን አልን? «እሰይ፣ ተስማማሽ።» «ማሻአላህ፣ አማረብሽ።» ልጇ ከዓረብ አገር ልካላት ነው ያለ አለ፤ ልጅ እንደሌላት ሲነገረው «እንግዲያው ሌላ ሰው ነዋ የላከላት» አለ። የሠርግ ቅቤ እየላሰች ነው ያሉም አሉ። በአምሳ ሁለት ዓመቷ አርግዛለች ብሎ የማለም አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ እኔ ነኝ።

ጋሹ የተገኘው ያኔ ነው። ጋሹ መናኸሪያ በር ላይ ባትሪ፣ ቻርጀርና ክኒን ካንድ ቦርሳ የሚሸጥ ሰው ነው።

«ይቺ ለሳይነስ ናት። ጠዋት ጠዋት ሁለት። ከየት እንደመጣች ግን አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀችውም። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዋ ወለል ብሎ ተከፈተ። ነፋስ ይገባል፣ ነፋስ ይወጣል። ሽታ ግን የለም።

«በሩስ ተከፈተ» አለቻት ለሀስና። «ባለቤቱ ነው ቤት የሌለው።»

ቢሆንም መተንፈስ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ክኒኑን አምስት ወር ዋጠችው። ፊቷ እንደ ድፎ ክብ ሆነ። እኛም ይብስ አደነቅን።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። የኛ አገር መንገድ እንደ ወሰንየለሽ አፍንጫ ነው፤ መቼ እንደሚደፈን አይታወቅም። መኪና ቀረ፤ የጋሹ ቦርሳ ባዶውን ዋለ። ክኒኑ በቆመ በስድስተኛው ቀን እያስመለሳትና ጉልበቷ እየከዳት መጥታ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። ስንጥሩን ሰካች። ልትመዝ ስትል ወደ ፊት ተደፋች፤ ቅቤው ውስጥ፣ በፊቷ።

የቅቤው ባለቤት ዋሲሁን ነበር። «ይግባ ማለቷ ነው?» አለ።

ሀስናና አላምረው በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል አደረሷት። የተቀበለቻቸው ዶክተር ኢክራማ የምትባል ቀጭን ወጣት ሐኪም ናት። የወረደውን የደም ግፊቷን አይታ ግሉኮስ ሰቀለችላት፣ መርፌ ወጋቻት። ነፍሷ ሲመለስ ደግሞ ጥያቄ ጀመረች፤ ብርዱ ከመቼ ወዲህ ነው፣ ድምፅዎስ፣ የሆድ ድርቀትስ አለ? ከዚያ ደም ቀዳች። በተዘጋው መንገድ አምቡላንስ ብቻ ያልፍ ነበርና ደሙ ደሴ ደርሶ፣ ከሰው በተሻለ ፍጥነት ተመለሰ።

«እናቴ» አለች ዶክተሯ፣ «የታይሮይድ እጢዎ ሥራ ቀንሷል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንቅርት የሚወጣባት እጢ ናት፤ አንገት ላይ ያለችው።»

ወሰንየለሽ አንገቷን ዳበሰች። አላምረው ዳበሰ። ሀስና ዳበሰች።

«የታል እንቅርቱ?» አለ አላምረው። «የእናቴ እንቅርት እኮ ከሷ ቀድሞ ነበር ቤት የሚገባው።»

«ሁልጊዜ አታብጥም፣ አባቴ። ሳታብጥም ትሰንፋለች። እሷ ስትሰንፍ ሰውነቱ ሁሉ ይሰንፋል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ፊት ያባብጣል። የአፍንጫ የውስጡ ሥጋም እንደ ፊቱ ሊያባብጥ ይችላል። ድምፅ ይጎረንናል። ማሽተትም የሚጠፋበት ጊዜ አለ።»

«ሳይነሴስ?» አለች ወሰንየለሽ። ሁለት ዓመት የኖረችበትን በሽታ በነጻ መልቀቅ ከብዷታል።

«የተደፈነ አፍንጫ ሁሉ ሳይነስ አይደለም። አንዳንዱ ነው፤ አንዳንዱ አለርጂ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሕመሙ አንገት ላይ ተቀምጦ በአፍንጫ ይጮኻል። ገበያ ላይ የጣለዎት ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ምን ይወስዱ ነበር?»

ሀስና የጋሹን ክኒን ባዶ ማሸጊያ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። ዶክተሯ አገላብጣ አየችውና ተነፈሰች።

«ከኩላሊት በላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ሰውነት በክፉ ቀን የሚቆምበትን ነገር የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ይህ ክኒን የእነሱን ሥራ ይሠራል። አምስት ወር ሙሉ ሲሠራላቸው ጊዜ ተኙ። ክኒኑ ድንገት ሲቀር የሚነሣ ጠፋ።»

«አላምረውን በይኛ» አለች ሀስና። «ወንድሞቹ አረም ሊያግዙት የመጡ ቀን እሱ ግራር ሥር ነው።»

ዶክተሯ ወደ ወሰንየለሽ ዞረች።

«ስለዚህ መጀመሪያ የተኙትን እንደግፋለን፤ ቀስ እያልን እንቀሰቅሳቸዋለን። የአንገትዎ እጢ መድኃኒት ከዚያ ይጀመራል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ተመልሶ መውደቅ ነው። ያለ እኔ ምንም አይጀምሩ፣ ምንም አያቁሙ።»

ወሰንየለሽ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር» አለች በዚያ በጎረነነ ድምፅ። «የኔ በእንቅርት ላይ ሳይነስ፣ በሳይነስ ላይ ጋሹ ሆነ።» ቆይታ ደግሞ «አፍንጫዬ ይመለሳል?» አለች።

«ይመለስ ይሆናል። ቃል ግን አልገባም። ወራት ይፈጃል።»

ፈጀም። መንገዱ ተከፈተ፣ አፍንጫው አልተከፈተም። ጋቢው ወለቀ፣ የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ ድምፅዋ ወደ ሴትነቱ ተመለሰ። እኛም ይኼኔ ነው «ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?» ማለት የጀመርነው።

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት አላምረው ከማሳ ተመልሶ ደጃፍ ላይ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ከውስጥ።

አላምረው ዙሪያውን አየ። «እኔ ነኛ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከተጋባን ወዲህ።»

ወጥታ ጫማውን አነሣች፣ አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አለቀሰች። ለእሱ ያለቀሰች መስሎት እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በተከታዩ የገበያ ቀን ሳጥኗ ላይ ተገኘች። ዋሲሁን ሰማይ ሰማይ እያየ መጣ። ስንጥሩን ሰካች፣ መዘዘች፣ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፈነች።

«ዋሲሁን።»

«አቤት፣ እትዬ ወሰን።»

«ሙዙ የማን ነው?»

ተራው በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ቅሏን አንሥታ የሄደችው ልጅ ትዝ አለቻት።

ሀስና ፊቷን አይታ ገባት። «ተይው ወሰኔ። አፍንጫሽ እንደሆነ ተመልሷል፤ ጠፍቶ እንደነበር ማን ያውቃል? ከተናገርሽ ሳጥንሽን ነው የምትሰጪው።»

«ለማንም አልነገርሽም?»

ሀስና ቅመሟን ማስተካከል ጀመረች። «ለሁለት ሰው» አለች።

ወሰንየለሽ ሳጥኗን ለሀስና አደራ ሰጥታ ዋጃ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ኢስራን ያገኘቻት መንገድ ዳር፣ ለመንገደኛ ቅቤ ስትሸጥ ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሀስና አብራ አልነበረችም።

በሚቀጥለው ገበያ ኢስራ ቅሏን ይዛ መጣች። ወሰንየለሽ ተነሥታ ሳጥኗ ላይ ቆመች።

«የዚችን ልጅ ቅቤ ይውጣ ያልኩት ሳላሸት ነው» አለች። «ሁለት ዓመት አፍንጫ አልነበረኝም። ፊት ነው ሳሸት የኖርኩት።»

ቅሉን ተቀበለች። ነጠላዋን ገለጠች፣ አንድ እፍኝ ቅቤ ዛቀችና አናቷ ላይ አስቀመጠች። ሙዝ የገባበት ቅቤ አናቱ ላይ የሚያደርግ እንደሌለ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። ፀሐዩ ደግሞ የቆቦ ፀሐይ ነው፤ ቅቤው በግንባሯ፣ በጆሮዋ፣ በአፍንጫዋ ጫፍ መንቆርቆር ጀመረ።

«ለመሆኑ» አለች ወደ ኢስራ ጎንበስ ብላ፣ «ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው ስትቁነጠነጪ የነበረው?»

ኢስራ መሬት መሬት አየች። «ከዋጃ ጀምሮ ሹፌሩ አላቆምም ብሎ ሽንቴ ወጥሮኝ ነበር፣ እትዬ ወሰን።»

የመጀመሪያው ሳቅ የሀስና ነው። ከዚያ ሰው እየሳቀ ተበተነ፤ የኢስራ ቅል እዚያው ተሽጦ አለቀ። ወሰንየለሽ ግን ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ቀረች። ቅቤ የያዘ ሰው በፊቷ ያልፋል፣ ያያታል፣ አይቆምም።

ከቀትር በኋላ ልጁን የሚድረው ታሂር አንድ ትልቅ ቅል አቅፎ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ።

«አሁንስ አለ አፍንጫሽ?»

ወሰንየለሽ ከጉንጯ ቅቤ ጠረገች። «አያ ታሂር፣ ከቅመም ተራው ጀርባ አውራ ፍየል እየመጣ ነው። ሽርጥህን ሰብስብ።»

ታሂር ዞሮ አየ። ባዶ ነው። ሊስቅባት አፉን ሲከፍት፣ ጥጉን ዞሮ አንድ ሰው ፍየል እየጎተተ ብቅ አለ።

ታሂር በአንድ እጁ አፍንጫውን ያዘ፤ በሌላው ቅሉን እፊቷ አስቀመጠ።

«እንግዲያው አሽቺልኝ» አለ።