ጧፉን ያላየችው ልጄ

መጀመሪያ ያየሁት ትውከቷን ነው። ጡት ስሰጣት ፊቷን አዞረች፤ አስታወከች። ከዚያ እንቅልፍ። ቢቀሰቅሷት የማትነቃበት እንቅልፍ።

ከምን እንደመጣ አውቅ ነበር። ባሌ ከሚሊሺያ ግዳጅ በተመለሰ በሳምንቱ፣ ከጓሮ ስገባ ልጄን በሁለት እጁ ይዞ ይንጣታል። «ዝም በይ! ዝም በይ!» ይላል። ጭንቅላቷ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወድቃል። ነጠቅኩት። ዝም አለች።

አማቴ «የሰው ዓይን ነው። የልጄን ስም እንዳታነሽ» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም፤ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ጠበቅኩ። እንደኔ ያለ ሞኝ አልተፈጠረም! ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ ተከፍቶ ማንንም አይከተልም።

በክርስትናዋ ቀን ቄሱ ጧፉን በፊቷ ወዲያ ወዲህ አደረጉት። አልዞረችም። ደገሙት።

«ልጄ፣ ይህች ሕፃን ብርሃን አታይም። ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት» አሉኝ።

በበቅሎ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ደሴ ደረስን። ሐኪሙ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ጨምረው በመብራት አዩ። «ከመደብ ወድቃ ነው» አልኳቸው።

«መደብ እንዲህ አያደርግም። ብርሃን የሚቀበለው የዓይኗ ሬቲና ላይ ደም ፈስሷል፤ ጭንቅላቷም ውስጥ አለ። ማን ነው የነቀነቃት?»

ብናገር ትዳሬ ይፈርሳል። ዝም ብል እዚያው ቤት እመልሳታለሁ። «አባቷ» አልኩ።

ከጭንቅላቷ ደሙን በመርፌ ቀዱላት፤ ለሚያንቀጠቅጣት ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ጀመሩላት፤ እኔም ወደ ባሌ ቤት ሳልመለስ ሙጃ የሚኖሩት አባቴ ቤት ገባሁ። በስድስተኛው ወሯ ቀኝ ዓይኗ የመቀነቴን ቀይ ጥለት ሲከተል ባይ እልልታዬን ለቀቅኩት፤ አባቴ ያበድኩ መስሏቸው ከበረት እየሮጡ መጡ። ግራው ግን ነርቩ ተጎድቶ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አላለፈም።

ቄሱንም ሐኪሙንም እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ ሕፃን አልቅሶ ትዕግሥታችሁን ከጨረሰው፣ አስተኝታችሁት ደጅ ውጡ፤ ለቅሶ አይገድለውም። ተነቅንቆ ከሆነ ቀን አትቁጠሩ፤ ያያችሁትንም ሐኪሙ ሳይጠይቅ ተናገሩ።

ልጄ ዛሬ አስተማሪ ናት። በግራዋ ስመጣ እንዳትደነግጥ ከሩቅ «እኔ ነኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ያን ዘጠኝ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

«የክርስትናሽን ጠላ ስጠምቅ» አልኳት።