ፈረሱ ባዶውን የቆመ ዕለት

የዘይት ቀለም ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ጎረምሳ ያደርገኛል። ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም መሐል፣ አደባባዩ ዳር ምርኩዜን ተደግፌ ቆሜ፣ ልጆች መሰላል አቁመው የሲሚንቶውን ፈረስና ጋላቢውን ቀለም ሲቀቡ አይ ነበር። ባጃጆቹ እየተሽሎከለኩ ይጮኻሉ፤ የጋሪ ፈረሶች ደግሞ ያንን የድንጋይ ዘመዳቸውን ቀና ብለው ሳያዩት ያልፋሉ። ከቀቢዎቹ አንዱ ብሩሹን እንደያዘ፣ «አባባ፣ ፈቀቅ ይበሉ እንጅ፣ ቀለም ይነካዎታል» አለኝ። ከገዛ እግሬ ሥር ፈቀቅ በል ተባልሁ! ልጁ ምን ያውቃል። ያ ደረቱን ነፍቶ አፍንጫውን ወደ ቡሬ መንገድ የቀሰረው ጋላቢ እኔ ነኝ ብየ ብነግረው፣ ከነመሰላሉ ይወድቅ ነበር።

ዛሬ ከሱ ጋር የምንጋራው አፍንጫውን ብቻ ነው። የቀረውን እሱ ጠብቆ አቆይቶታል፤ እኔ በልቼ ጨርሸዋለሁ።

ያኔ ከተማችን ሐውልት የሚባል አልነበራትም። መንገደኛ ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ ማን እንደሆንን የሚነግረው ነገር ይቁም ተባለና ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «በሬ ይቁም፣ የሚያበላን በሬ ነው» አለ። ሌላው «የማር ቀፎ ነው እንጅ» አለ። አንድ ቀልደኛ ደግሞ «ሁለቱንም አቁሙና ንቡ በሬውን ይንደፈው፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ወርዶ ያያል» ብሎ ጉባኤውን በሳቅ በተነው። በስተመጨረሻ ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ይሁን ተባለ። ይኸ ሁሉንም አስማማ። የጥምቀት ለት ሜዳው በፈረስ ኮቴ ሲያስገመግም፣ ከአዊ በኩል የሚመጡት ጋላቢዎች አቧራውን ሰንጥቀው ብቅ ሲሉ ያላየ ሰው፣ አገራችሁን አየሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ቀራፂው ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ለጋላቢው መልክ የሚሆነው ሰው ፍለጋ ገበያውን ሲዞር ሲዞር ቆየና እኔ ፊት ቆመ። አትሳቁብኝ! ያኔ ደረቴ ከሆዴ ይቀድም ነበር። ቢሆንም ያየው ደረቴን አልነበረም። «አፍንጫህ ከሩቅ ይታያል» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ ነው ብሎ ዱላ ያነሣ ነበር፤ እኔ እንደ ሹመት ተቀበልሁት።

ከዚያ በኋላ በከተማው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጭድ በተጠቀጠቀ ጆንያ ላይ እንደ ኮርቻ ተፈናጥጬ መዋል ሆነ ሥራየ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጉንጬ ላይ ያርፋል፤ እርጥቡ ሲሚንቶ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታል፤ የቀራፂው የልስን ማንኪያ ሽቦውን ሲነካ ጭር ጭር ይላል። «አትንቀሳቀስ» ሲለኝ ዝንብ አፍንጫየ ላይ ሰፍራ ሽርሽር ብትወጣ እንኳ አላባርራትም ነበር። ከዚያ ስወጣ አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ። ሰው ሰላም ሲለኝ አንገቴን ቀስ አድርጌ ነበር የማዞር። ሐውልት አይቸኩልማ!

እናቴ ስትሰማ ግን ከገጠር ቤታችን ገስግሳ መጣች። «ሐውልት ለሞተ ሰው ነው! ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው?» እያለች ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በአገራችን ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱን ይጭኑና፣ ጋሻውን ከኮርቻው አንጠልጥለው፣ ያለ ጋላቢ ለቅሶው መሐል ይስቡታል። አባቴን የሸኘችው ያን ባዶ ኮርቻ እያየች ነው፤ ከሱ ወዲያ ደግሞ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ነገሩ በሽማግሌ አልፈታ ሲል ከደብሩ አለቃ ዘንድ ደረሰ። አለቃ ቃላቸውን እንደ ወርቅ መዝነው የሚያወጡ አረጋዊ ነበሩ። «ፈረሱ ይቁም» አሉ። «ጋላቢው ግን እናቱ ሳትመርቀው ከዕቃ ቤት አይውጣ። የእናት እንባ ያረፈበት ድንጋይ ለአገር አይበጅም።» ቀራፂው «እንግዲያው ፊቱን የሌላ ሰው ላድርገው፤ አፍንጫውን በመዶሻ ባነሣለት ይበቃል» ቢል፣ ሳላስበው የራሴን አፍንጫ በእጄ ሸፈንሁ። እናቴን ለመንኋት፤ አማላጅ ላክሁባት። «የኔ ልጅ ሥጋ ነው፤ ድንጋይ አይደለም» ብላ ሁሉንም መለሰቻቸው። በዚህ ዓይነት ያ ሁሉ ክብሬ፣ አገር የሚያየኝ ተስፋየ፣ ከአካፋና ከዶማ ጋር በጨለማ ዕቃ ቤት ተዘጋበት።

ቀራፂው ቀለም እንዳመጣለት ብሎ ቡሬ ላከኝ፤ እኔም ኀዘኔን ለመርሳት ዘመድ ቤት ሰንበትበት አልሁ። በሌለሁበት አደባባዩ ላይ ፈረሱን ጨረሰው። እስከዚያ ድረስ በጆንያና በእንጨት ርብራብ ተሸፍኖ ስለነበር ማንም በቅጡ አላየውም። ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ማለዳ ጆንያውን ገፈፈው። ግሩም ፈረስ ነበር፤ አንገቱን ቀልብሶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ኮርቻና ልጓሙ ሳይጓደል። ቀራፂው ደግሞ ለማሳመር ብሎ ጋሻውን ከኮርቻው ጎን አንጠልጥሎ ቀርጾታል። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ?

እንግዲህ አስቡት። ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል የመጣው፣ ከየገጠሩ እህል የጫነው፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ገበያተኛ ወደ ከተማ ሲገባ ምን ያያል? የተጫነ ፈረስ። የተንጠለጠለ ጋሻ። ጋላቢ የለ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጀምርም፤ አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰውየ ጭነቱን ከአህያው ሳያራግፍ ጋቢውን አደግድጎ «ወይኔ ወንድሜ!» አለ። ሁለተኛው ተቀበለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩ። የከተማው ሰው ምንድነው ብሎ ሲመጣ ለቅሶው ቆሞ አገኘው። የማን ፈረስ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚያውቁት «ኧረ ጋላቢው የዚያች ዕቃ ቤቱ በር ላይ የጮኸችው ሴትዮ ልጅ ነበር» ብለው የእናቴን ስም ጠሩ። በቃ። ሞትሁ።

እኔ ረፋዱ ላይ የጭነት መኪና ጣራ ላይ ተቀምጬ፣ የቀለም ጣሳየን አቅፌ ደረስሁ። አደባባዩ በሰው ጠቁሯል፤ ዋይታው ከሩቅ ይሰማል። ደግ ሰው ሞቷል ማለት ነው አልሁና ወረድሁ። እንደ ደንቡ ጋቢየን ተከናንቤ «ወይኔ ወንድሜን!» እያልሁ ገባሁ። አምርሬ አለቀስሁ፤ ለቅሶ ላይስ ማንም አይጥለኝም ነበር። አንዲት አልቃሽ ከፈረሱ ሥር ቆማ፣ ሻካራና ሆድ የሚበላ ድምፅዋን አውጥታ ሙሾ ታወርዳለች፦

«ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ተሰቅሎ፣
ጌታው ወዴት ሄደ፣ ኮርቻውን ጥሎ?
አንች የጥምቀት ሜዳ፣ አንች የጉግስ መስክ፣
አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ እንደሱ ያለ መልክ?»

መልክ የሚለውን ስሰማ፣ ሟቹ እንዴት ያለ መልከ መልካም ቢሆን ነው ብየ ባሰብኝ። ስቅስቅ ብየ አለቀስሁና፣ አጠገቤ የሚያለቅሱትን አዛውንት ገበሬ «አያ፣ ማን ነው የሞተው?» አልኋቸው።

«ኧረ ምን አውቄ ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ደህና ልጅ ነበር አሉ። አፍንጫው ትንሽ ይበዛል አሉ እንጅ፣ ሌላስ እንከን አልነበረበትም።»

እጄ ወደ አፍንጫየ ሄደ።

መሳቅ ሲቃጣኝ፣ ከገበያው ማዶ እናቴን አየኋት። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። አታለቅስም። ባዶውን ኮርቻ ብቻ ታያለች። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ማየትም አልሻ። «እማየ!» ብየ ጮህሁ። በዚያ ሁሉ ዋይታ ማን ሰምቶኝ! ሰውን እየገፋሁ ወደሷ ስሄድ አንዱ በክርኑ መለሰኝ፤ «አትጋፋ እንጅ አንተ፣ ሁላችንም አዝነናል!» ወደሷ የሚያደርስ መንገድ ጠፋ። ወደ ላይ ግን ነበር።

የፈረሱ መቆሚያ ላይ ዘለልሁ፤ ጅራቱን ጨበጥሁ። ጅራቱ አለመነቀሉ የቀራፂው ጉብዝና ነው። ኮርቻው ላይ ተፈናጥጬ ጋቢየን ገፍፌ ወረወርሁና፣ «አለሁ! እማየ፣ አለሁ!» አልሁ።

ዋይታው ቆመ። አንድ ዶሮ ብቻ ጮኸ። አንዳንዱ ያማትባል፤ አንዳንዱ ወደኋላው ይሸሻል። ያን ጊዜ እነዚያ አዛውንት ጣታቸውን ቀስረው «አፍንጫውን እዩ! እሱ ነው!» አሉ። አልቃሿ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ዜማውን ገለበጠችው፦

«ሞተ ብላችሁ ወይ፣ ገበያ የፈታችሁ፣
ይኸው ተፈናጥጦ፣ ቁልቁል ሲያያችሁ!»

ከዚያማ እልልታው ሰማይ ጠቀሰ። ዱላው ሁሉ ወደ ላይ ተነሣ። ፎካሪው ከየት መጣ አይባል፤ አህዮቹ ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ደነበሩ፤ ሲያለቅሱልኝ የነበሩት ሰዎች አሁን ደግሞ እንዳሸነፈ የጦር አዝማች ይሸልሉልኝ ጀመር። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ቀለም ይዤ መምጣት ብቻ ነው። ደረቴን ግን ነፋሁት፤ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል!

ለእናቴ መንገድ ተከፈተላት። መጥታ እግሬን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ልወርድ ስል፣ «ወዴት?» አለች።

«ልውረድ እንጅ እማየ።»

«እንዳትነቃነቅ!» አለችና ለለቅሶው ወደ መጡት አለቃ ዞረች። «አለቃ፣ ባዶ ፈረስ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ይኸ ፈረስ ባዶውን አይዋል። ያን የድንጋይ ልጄን ያውጡና ያስቀምጡልኝ። መርቄዋለሁ፤ ይቁም፣ ይኑር!»

ቀራፂው ዓይኑን እያሻሸ «ዛሬ?» አለ።

«ዛሬ! እሱ እስኪመጣ ይኸኛው አይወርድም።»

ገበያው እንዳለ ወደ ዕቃ ቤቱ ጎረፈ። ጋላቢው ውስጡ ክፍት ቢሆንም ሲሚንቶና ሽቦ ነው፤ ይከብዳል። ያለው የጭነት ገመዱን ፈታ፤ ለሽያጭ ያመጣውን አዲስ ቀንበር ያቀረበም ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ፣ እኔ በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ፣ በሆታ እንደ ሙሽራ ስመጣ አየሁ። ራሱን እንዲህ ሲያመጡት ያየ ሰው ካለ ይንገረኝና እንተዋወቅ። ክብሩ ምንም አልጎደለም፤ ፀሐዩ ሲሚንቶውን አግሎት መቀመጫየ ተጠበሰ እንጅ። ውረድ ቢሉኝ ደስ ባለኝ፤ እናቴ ግን ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። በኋላ እሱ በገመድ ወደ ላይ፣ እኔ በሰው ክንድ ወደ ታች፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተላለፍን። ቀራፂው ሲሚንቶውን ጠቅጥቆ እጁን ሲያነሣ አለቃ መስቀላቸውን ዘርግተው «ያቆመው አይጣለው» አሉ፤ ሕዝቡ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። ለእዝን የታሰበው ጠላ ለደስታ ተጠጣ። ያን ዕለት ብዙ ሰው እህሉን ሳይሸጥ ተመለሰ፤ ቅር ያለው ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሁለት ልጅ ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ መጀመሪያ ከፈረሱ ሥር ቆማ «እንዴት ዋልህ ልጄ» ትለዋለች፤ የኔ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። ሆዴ ደረቴን ሲቀድም፣ ፀጉሬ ሲሸሽ፣ «ያኛው አይበላ፣ አይጠጣ፣ እንዳማረበት አለ፤ አንተን ምን ነካህ?» ትለኝ ነበር። እኔም በገዛ ራሴ ቀናሁ።

ዓይኗ ደክሞ፣ እኔም ሸብቼ፣ በክንዴ ደግፌ ገበያ ያመጣኋት የመጨረሻ ቅዳሜ ነበር። «ወደ ፈረሱ ውሰደኝ» አለች። እጇን ሽቅብ ዘርግታ የጋላቢውን እግር ፈለገች፤ አልደረሰችበትም። ከወገቧ አቅፌ አነሣኋት። ምንም ክብደት አልነበራትም። ሲሚንቶውን እያሻሸች፣ እኔ የማልሰማት መስሏት በሹክሹክታ፣ «አንተ እንኳ ትቆያለህ» አለችው። «አደራህን፣ ይኸን ሽማግሌ እይልኝ።»

እኔን ማለቷ ነው። ቀስ ብየ መሬት አስነካኋትና፣ ነጠላዋን አስተካክየላት፣ ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን።