በረኛው በሩን የሳተ ዕለት

በዛብህ ተወልዶ ያደገው አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የሐዲድ ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቱ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ሐዲድ ሲጠግኑ አረጁ። እሱም ጎረምሳ ሲሆን እዚያው ተቀጠረ፤ ሥራው ባቡር ሲመጣ ከባዱን የብረት እጀታ እየገፋ ሐዲዱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ማዞር ነበር። እሁድ እሁድ ግን የምድር ባቡር ሠራተኞች ቡድን በረኛ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ መዳፉ ሰፊ፣ ኳስ ሲያይ ፊት ለፊቱ ሰው ይኑር አይኑር የማይጠይቅ። ሠፈርተኛው «መዝጊያው» ይለው ነበር።

አሰጋሽን ባገባ በዓመቱ ቡድኑ ከክር ፋብሪካው ቡድን ጋር ገጠመ። አሰጋሽ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ክር አዳዋሪ ናት። ጓደኞቿ መሀል ቆማ፣ ለባሏ ታጨብጭብ ለፋብሪካዋ ግራ ገብቷት ስትስቅ ነበር።

ከፋብሪካው ልጆች የሚፈራው ኩምሳ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ካሉት ገበሬዎች የተወለደ፣ የጥጥ እስር ተሸካሚ፣ ሲሮጥ መሬት የሚያንቀጠቅጥ። ኳሷን ይዞ ሲገባ በዛብህ ከእግሩ ሥር ሊነጥቀው ተወርውሮ ተጋደመ። የኩምሳ ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ውሃ አፈሰሱበትና ተነሣ። ኳሷ ከእቅፉ አልወጣችም ነበርና ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ዕረፍት ሆኖ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር በዛብህ ኮራ ብሎ ተራመደና ከፋብሪካው በረኛ ጎን ሄዶ ቆመ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀው የቡድኑ አምበል ተሰማ ብቻ ነው። ሮጦ መጣና ፊቱን አየው።

«በዛብህ፣ ስንት ለስንት ነን?»

«ገና መች ጀመርንና?»

ተሰማ ክንዱን ያዘው። «በል ና ውጣ።»

በዚያን ጊዜ የወጣ ተጫዋች አይተካም። በዛብህ ወጣ ማለት አሥር ሆነው ሊጫወቱ፣ ተሰማም ራሱ በር ሊጠብቅ ነው። ከዳር አንዱ «ጀግናን ታስወጣለህ?» ብሎ ጮኸበት።

«ጀግናው የት እንዳለ አያውቅም!» አለ ተሰማ። ተሸነፉ፤ እሱ ግን አልተጸጸተም።

አሰጋሽ ስትደርስ ባሏ ትክ ብሎ አያትና፣ «ዛሬ ሥራ አልገባሽም እንዴ?» አላት። እሁድ እኮ ነው! ሳቋ ከፊቷ ላይ ደረቀ። ወዲያው አስመለሰው። ደግፈው ክሊኒክ ወሰዱት።

እዚያ የነበሩት ነርስ ሲስተር ወርቅነሽ ዓይኑን በባትሪ አዩት፤ በአንድ እግሩ አቆሙት፤ ሦስት ቃል ነግረውት ጥቂት ቆይተው ጠየቁት። አንዱን ብቻ አስታወሰ።

«አጥንትህ ደህና ነው፤ አንጎልህ ግን ተናውጧል» አሉት። «ደም ስላልፈሰሰ ቀላል እንዳይመስልህ። አሁን ጨርሶ ማረፍ ነው። ራስ ምታቱ ሲለቅህ ትራመዳለህ፤ መራመዱ ካልጎዳህ ትሮጣለህ፤ ኳስ የመጨረሻው ነው። መሀል ላይ ካመመህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሳይድን ደግመህ ብትመታ ግን እኔም አላድንህም።» ወደ አሰጋሽ ዞር ብለው፣ «ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም አልነቃ ካለሽ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ ነገ እንዳትዪ» ብለው አስጠነቀቋት።

ደግነቱ እዚያ አልደረሰም። ቢሆንም የበዛብህ ጠባይ ተለወጠ። ብርሃን ወጋው። ጡት ከጣለ ጀምሮ የለመደው የባቡር ፉጨት ጭንቅላቱን ሰንጥቆ የሚገባ መሰለው። ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ሳያበቃ ዕንባው ይመጣል። ያፍራል። አሰጋሽ መስኮቱን በነጠላ ሸፈነችና፣ «አንተ አይደለህም፣ ጭንቅላትህ ነው» አለችው። ይህች ቃል ከመድኃኒት በላይ ጠቀመችው።

ትንሽ ሻል ሲለው ሥራ ልግባ ብሎ ጣቢያ ሄደ። የጣቢያው ሹም አቶ አምባው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ አንተ ግራና ቀኝ ብትሳሳት ባቡሩ አይታረምልህም። ግባና ተኛ። ፈረቃህን ጓደኞችህ ይሸፍኑታል።»

«ኧረ ድኛለሁ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያማ ምን ያስቸኩልሃል?»

ሁለተኛው ሙከራው የድብቅ ነበር። ሚስቱ ፋብሪካ ስትገባ ጠብቆ በሐዲዱ ዳር ሊሮጥ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ምድር ዞረችበትና የተቆለለ የሐዲድ አግዳሚ እንጨት ላይ ቁጭ አለ። አሰጋሽ ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘችው። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት፤ «ራስ ሳይጠና ጉተና!» አለችው። አብረው እየሳቁ ገቡ።

በበነጋታው ኩምሳ እርጎ በቅል ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«ሆን ብዬ አይደለም፣ ወንድሜ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካሁም።»

«የተወረወርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አደረግህ? ግባ እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ እስከ ወንዙ ድረስ ያራምደው ጀመር። መራመዱ ሲስማማው ሶምሶማ ሆነ። ሲስተር ወርቅነሽ ዳግመኛ መርምረው ሲፈቅዱለት፣ ያ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ለሕፃን እንደሚያቀብል ኳሷን በቀስታ ያንከባልልለት ነበር። በዛብህ ሳቀበት። «ኧረ ምታ! እንቁላል አደረግኸኝ እኮ!»

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ በዛብህ በሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣ ሰውነቱ ሸሸና ገባችበት። ማንም አልወቀሰውም። ሁለተኛዋን ግን ዘሎ ከአየር ላይ ቀለባት፤ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛትና ጥቂት አቅፏት ቆየ።

ጠጉሩ ገብስማ እስኪሆን ተጫወተ። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣው ኩምሳ ነው። ያ የጠፋበት ጨዋታ ትዝታ ተመልሶ አልመጣም፤ ኩምሳም ይህን ስለሚያውቅ ያን ዕለት አገባኋት የሚላትን ጎል በየዓመት በዓሉ ያሳምራታል። መጀመሪያ በቀኝ እግሩ አገባት፤ ቀጥሎ በግራ፤ ዘንድሮ ከመሀል ሜዳ ሆነች።

«አሰጋሽ፣ እውነት ነው?» ይላል በዛብህ።

«እኔ ምን አውቄ» ትላለች እየሳቀች፣ «እኔ የማየው አንተን ነበር።»