ማናለብሽ የመለሰችው ጓንት

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ትንሽ ከተማ ነው ያለነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ማናለብሽ እዚያ መጋዘን ነው የምትሠራው። እቃ ሲመጣ ከሚረከቡት ሦስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት፤ ሦስቱም ካልፈረሙ እቃው አይገባም።

ጓንት በመጣ ቁጥር ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቂት ታወጣና ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ከቧንቧው ውሃ ሞልታ፣ አፉን አስራ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ትሰቅለዋለች። የጽዳት ሴቶቹ «ማናለብሽ ላሞቿን አሰረች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች። ምሳም አብረው ነበር የሚበሉት።

በዚህ ሰኔ የመጣው ግን ገና ሳትሰቅለው ከጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ሌላ አወጣች፣ ያው ነው። የማዋለጃ ክፍል ጓንት ነው። ያቀረበው ደግሞ ገዛኸኝ፣ የወንድ ልጇ የክርስትና አባት።

የግዢ ኃላፊው መሳፍንት ጠራት። «ሁለቱ ፈርመዋል፣ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። አዋላጆቹ ጓንት ጨርሰዋል። ይሄን ብትመልሺ ሌላው መቼ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እስከ ሰኞ አስቢበት።»

ቅዳሜ ገዛኸኝ ቤቷ መጣ። በር ላይ ቆሞ ነው ያናገራት።

«አበልጄ፣ ውሃ ልትቀጂበት ነው እንዴ? አንዴ አጥልቀው የሚጥሉት ነገር ነው።»

«አንዴም ቢሆን እጅ አለበት። ደም ነው የሚነኩበት።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። እኔን?»

ሳይቀመጥ ሄደ።

እሁድ የሚካኤል ዝክሯ ነበር። በየዓመቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ግቢዋን ይሞላዋል። ዘንድሮ ቄሱ ባረኩ፣ ጎረቤት ቀመሰና ተበተነ፤ ከመሥሪያ ቤት አንድም ሰው ዝር አላለም። የገዛኸኝን ድርሻ በሳህን ከድና በሴት ልጇ በሜሮን ላከችለት። ሳህኑ እንደተከደነ ተመለሰ።

«ነገ ከፈረመች ማታ መጥቼ እበላለሁ በያት አለኝ» አለች ሜሮን።

ማናለብሽ ሳህኑን ተቀበለች። «ነይ እንብላ» ስትላት ልጅቱ ጠግባለች። ብቻዋን በላችው።

ሰኞ አልፈረመችም። ካርቶኖቹ ጠዋት ተጭነው ሄዱ። ምሳ ሰዓት ስትገባ የጽዳት ሴቶቹ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

«የምትመጪ አልመሰለንም» አለቻት አንዷ።

ማታ ስትወጣ በሩ ላይ ከዋጃ የመጡ አንዲት ባልቴት ዘንቢል ይዘው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ምራታቸው ምጥ ላይ ናት።

«ጓንት ከውጭ ግዙ አሉን። የመጣውን አንዷ መለሰችው አሉ። እግዜር ይይላት።»

«መድኃኒት ቤቱ ከመናኸሪያው ማዶ ነው፣ እማማ። ኑ ላሳይዎት» አለች ማናለብሽ፣ ዘንቢሉን እየተቀበለቻቸው።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ሴትዮዋ «አንቺም እዚህ ነሽ የምትሠሪ?» አሏት።

«አዎ።»

«እንዲያው ማናት ያቺ ሰው? ታውቂያታለሽ?»

ማናለብሽ ዘንቢሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችው። «ባጃጅ መጣ፣ ወደ ዳር ይበሉ» አለቻቸው።