ሜክሲካሊ ላይ የበላሁት ኑድል

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሜሮን ምሳ ልጋብዝሽ ብላ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና እልፍ ብሎ አዲስ የተከፈተ ኑድል ቤት ወሰደችኝ። ፓርኪንግ ፍለጋ ስንዞር ቆይተን፣ በመጨረሻ የጤፍና የበርበሬ መሸጫው ፊት ለፊት ፓርክ አደረገችና በእግራችን ሄድን። ሳህኑ ፊቴ ሲቀመጥ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። ልጅቷ እየሳቀች ሹካ ልታስመጣልኝ ተነሳች።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ኑድል ነው። ፓስታ እንዳይመስልሽ። በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ገና ሳትታሰቢ በልቼዋለሁ» አልኳት። «ያውም ሜክሲኮ አገር፣ መንገድ ዳር ቆሜ።»

ባለችበት ቀረች። የዛሬ ልጆች እኛም ወጣት የነበርን አይመስላቸውም። ለእሷ የነገርኳትን እስቲ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ፓልምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጋሼ ተሰማ ጋር እኖራለሁ። ጋሼ ተሰማ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ አባቴ ስለሞተ፣ በስደት አሜሪካ ስመጣ ተቀብለው እንደ ልጃቸው ያኖሩኝ እሳቸው ነበሩ። እኔ ካልቨር ሲቲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ግርማ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ እኛው ሕንጻ ላይ፣ ከታችኛው ፎቅ ይኖራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ልጅ ነበር። ወድጄው ነበር። ምን ላሽሞንሙነው፣ ሞቼለት ነበር!

ችግሩ፣ እሱ ይህን አያውቅም። በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ቀን ከሥራ ሲመልሰኝ፣ ታክሲውን ደጃፋችን ላይ አቆመና መሪውን እያየ «ሰናይት፣ ብንጋባ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኧረ ተው፣ ምን ነካህ!» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃውን ግን በደስታ እየበረርኩ ነው የወጣሁት።

እኛ ስናድግ፣ አንድ ጊዜ ተጠይቃ እሺ ያለች ሴት ዓይን አውጣ ነች። እንኳን ለባል፣ ለምግብስ ቢሆን? ብሉ ስትባል በልቻለሁ ትላለች፤ በሞቴ ስትባል ኧረ በቃኝ ትላለች፤ አፈር ስሆን ተብላ፣ ክንዷን ተጎትታ፣ ከዚያ ነው እጇን የምትታጠበው። ስለዚህ ግርማ ተመልሶ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ሽማግሌ ይልካል ብዬም ጠበቅኩ። ሳምንቱ አልፎ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ። እሱ እቴ! እምቢ ያልኩት መስሎት ደረጃው ላይ ስንገናኝ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ። ጥቅምት ላይ ጋሼ ተሰማ እራት እየበላን «ግርማ እኮ ሰኞ ዳላስ ሊገባ ነው። ዘመዱ ሥራ አገኘለት» ሲሉ፣ ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከመሄዱ በፊት ግን ጋሼን ሐኪም ቤት ሊያደርሳቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። የጋሼ ጥርስ አልቆ ነበር። እዚህ ያለው ሐኪም የጠራው ዋጋ ለጥርስ ሳይሆን ለቤት መግዣ የሚበቃ ነው፤ ሜክሲካሊ ግን በርካሽ ይሠራል ተባለ። ሜክሲካሊ ድንበሩን እንደተሻገሩ የምትገኝ የሜክሲኮ ከተማ ነች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ተነሳን። እኔ ጋሼን ላስታምም ነው የምሄደው አልኩ። ለምን ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

መንገዱ ያምራል። ከተማው ካለቀ በኋላ በነፋስ እየተሽከረከሩ መብራት የሚያመነጩት ረጃጅም ማማዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ የተምር ዛፍ፣ ከዚያ የሞተ ዓሣ የሚሸተው ጨዋማው ሐይቅ፣ ከዚያ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የሽንኩርትና የሰላጣ እርሻ። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ስለ ጥርሳቸው ያወራሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የግርማን ማጅራት አያለሁ። ሰኞ ይህ ማጅራት ዳላስ ነው እላለሁ በልቤ።

ታክሲውን አሜሪካ በኩል አቁመን፣ ግሪን ካርዳችንን ኪሳችን ውስጥ እየዳበስን በእግር ተሻገርን። ጋሼን ለጥርስ ሐኪሙ አስረከብናቸው። የሚነቀለው እስኪነቀል ውጡና ተናፈሱ ተባልን። መናፈስ ብሎ ነገር! ጥቅምት ቢሆንም ከተማው እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ሜክሲካሊ ውስጥ ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ እንደሚኖሩ የሰማሁት ኋላ ነው። በበረንዳዎቹ ጥላ ሥር ስንሄድ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ጋሪ ላይ ድስት ጥደው አየን። ከደንበኞቻቸው ጋር በስፓኒሽ ይቀላለዳሉ። መረቁ ይንተከተካል፤ ዝንጅብሉና የሽንኩርት ቅጠሉ ያውዳል። ኑድሉን በወንፊት እያወጡ ሳህን ውስጥ ይገለብጡታል፣ መረቁን ያፈሱበታል፣ ሎሚ ይጨምቁበታል፣ ከላይ ደቀቅ ያለ ቃሪያ ጣል ያደርጉበታል። ሰው ሁሉ በዚያ ሐሩር ላብ በላብ ሆኖ ቆሞ ይበላል።

ግርማ «ምን ልዘዝልሽ?» አለኝ።

ከንጋት ጀምሮ እህል የሚባል አፌ አልገባም። «ኧረ እኔ ምንም አልፈልግም፤ ቁርስ በልቻለሁ» አልኩት።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሰውየው ግን ባዶ ሳህን አንስተው ወደ እኔ እያሳዩ በቅንድባቸው ጠየቁኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ግራሲያስ» ብዬ በማውቃት አንዲት የስፓኒሽ ቃል አመሰገንኩ። ያቺን አባባል ማንም ሐበሻ ያውቃታል፤ እስቲ ደግመው ይለምኑኝ ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ሳህኑን ከኋላዬ ለቆመችው ሴት ሞሉላት።

ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚባለው ይኸው ነው። ግርማ የራሱን ተቀብሎ መብላት ጀመረ። ምራቄን ስውጥ ሰማኝ መሰለኝ ቀና አለ።

«ርቦሻል እንዴ?»

«ታዲያ አይርበኝም? ሰው አይደለሁም?»

«ጠየቅኩሽ እኮ። እሳቸውም ጠየቁሽ። አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው።»

«አንድ ጊዜ ነዋ የጠየቃችሁኝ!»

«እና ስንት ጊዜ እንጠይቅሽ?» አለና ሹካውን እንደያዘ ቆመ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። እኔም ያልኩት ለራሴ ገባኝ። ስለ ኑድል አልነበረም የምናወራው።

ዞር አልኩና ወደ ጋሪው ሄጄ፣ በገዛ አፌ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ አንድ ይስጡኝ አልኩ። ከዚያ አሳማ እንዳይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ስፓኒሽ የት አባቴ! ክንዶቼን እንደ ክንፍ አርገበገብኩ። ሰውየው በሳቅ ሞቱ፤ እሳቸውም እንደ ዶሮ አስካኩልኝ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ግርማ በተራው ትን ብሎት መረቁን በዚያች በተተኮሰች ሸሚዙ ላይ ደፋው።

አቤት ያ ኑድል! ወፍራም ነው፣ ሲያኝኩት ይለጠጣል። መረቁ ሆድ ድረስ እያሞቀ ይወርዳል፤ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ቆሜ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር በልቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ሳላፍር ጠይቄ፣ ሳላፍር የበላሁት የለም። እናም ሆዴ ሲሞላ ልቤም ሞላ መሰለኝ፣ ሳህኑን መለስኩና ግርማ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ዳላስ አትሂድ» አልኩት።

ሸሚዙን መጥረግ አቆመ። «እቃዬን እኮ ጭኛለሁ። ለዘመዴም ቃል ሰጥቻለሁ።» ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እንጃ ሰናይት... አሁን ረፍዷል መሰለኝ» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በእኔ ቦታ ሽማግሌው ቻይና ቢሆኑ ኖሮ እዚያ ላይ ይተውት ነበር። እኔ ግን አፌ እየተፈለቀቀ በግድ ስጎርስ ያደግሁ ነኝ፤ አንዴ ተጠይቆ ያልተቀበለን ሰው እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ።

«በሞቴ ግርማ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «በሞቴ የሚባለው ለምግብ አይደል እንዴ?»

«ለዚህም ይባላል። አፈር ስሆንልህ፣ አትሂድ። ወድጄሃለሁ።»

ፊቱ እንዴት እንደበራ! ያ ዝምተኛ ልጅ እዚያው በረንዳ ሥር እጄን ለቀም አድርጎ ይዞ መልቀቅ አቃተው። ጋሼ ተሰማ ጉንጫቸው አብጦ፣ አፋቸው በጥጥ ተጠቅጥቆ ከሐኪሙ ቤት ሲወጡ እንኳ አልለቀቀኝም። ጋሼ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ደግሞ የተያዘውን እጅ አዩ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለ ግርማ። «አሁን ግን እኔው ራሴ ልለምንዎ። ሰናይትን ይስጡኝ።»

በወጉ ቢሆን፣ በአባቴ ቦታ የቆሙት እሳቸው «እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት አለባቸው። ልጅ በአንድ ልመና አይሰጥማ! ሊናገሩም ሞክረው ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥጥ ውስጥ የወጣው ግን «እምምም» ብቻ ነው። ሲያቅታቸው ጊዜ እጃቸውን አወናጨፉና ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሐበሻ አገር እንደዚያ በአንድ ልመና የተሰጠች ልጅ መኖሯን እንጃ።

ግርማ ሰኞ አልሄደም። ልጆች ወልደን ለወግ ለማዕረግ አበቃን። አሁን እንግዳ ፊት «እኔ እኮ ያኔ ላለመሄድ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ትንሽ ልግደርደር ብዬ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም እተወዋለሁ፤ ሰው በስተርጅናው ይኩራራ።

ሜሮን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ሳቀችና፣ «ግን አክስቴ፣ እዚህ እኮ ኖ ማለት ኖ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አልፈልግም ያለን ሰው መተው ጨዋነት ነው፤ ሽማግሌው ቻይናም ልክ ነበሩ፣ መኪናው ውስጥ እምቢ ያልኩት መስሎት የተወኝ ግርማም ልክ ነበር። እንጃ ማለት ግን እምቢ ማለት አይደለም። እንጃ ያለ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ የቆመ ሰው ነው። ያን ቀን አፍሬ ዝም ብል ኖሮ፣ ግርማ ዛሬ ዳላስ ውስጥ የሌላ ሴት ባል ነው፤ እኔም እዚህ ስሙ በተነሳ ቁጥር «ኧረ እሱን መች ፈልጌው!» እያልኩ አረጅ ነበር።